የደኒደን ሰዓት፦ ኒው ዚላንድ ሕፃናቷን እንዴት አስተኛች?

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ከመቶ ዓመት በፊት ኒው ዚላንድ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ጡት የሚጠባባቸው አምስቱ ሰዓቶች፣ በእኛ አቆጣጠር ሲነገሩ፣ እነዚህ ነበሩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያሉት ስምንት ሰዓታት ግን የእንቅልፍ ናቸው። ሕፃኑ በመሀል ቢነቃ ጡት አያገኝም። ቢያለቅስም፣ ጠግቦ፣ ደርቆና ሞቆት እስከተኛ ድረስ፣ እናቲቱ እንዳታነሳው ተመክራለች።

ሰዓቱን የቀጠረው ፍሬደሪክ ትሩቢ ኪንግ የተባለ ሐኪም ነው። ስሙ በእኛ ዘንድ እምብዛም አይታወቅም እንጂ፣ በዓለም ዳር ካለችው ከደኒደን ከተማ ያወጣው ደንብ እስከ ለንደን ድረስ ተሻግሯል። ዛሬ «ልጅ በሰዓቱ ይተኛ» እና «ሲደክመው ይተኛ» እየተባባሉ የሚሟገቱ ባልና ሚስት የእርሱን ሙግት እየቀጠሉ እንደሆነ ላያውቁ ይችላሉ። ደኒደን ደንቡ የወጣባት ብቻ ሳትሆን የተፈተነባትም ከተማ ናት፤ ከፊሉ እዚያው ተሽሯል፣ ከፊሉም ከመቶ ዓመት በኋላ በዚያችው ከተማ በአዲስ መልክ ተመልሷል።

ኪንግ የተወለደው በ1858 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕክምና ስኮትላንድ ውስጥ በኤድንብራ ተምሮ ወደ አገሩ ተመለሰና፣ በ1889 ከደኒደን በስተሰሜን የሚገኘውን የሲክሊፍ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል እንዲመራ ተሾመ። ሆስፒታሉ ሰፊ እርሻ ነበረው፤ ኪንግም ስለ እርሻው ከሕሙማኑ ባላነሰ ይጨነቅ ነበር። ጥጆች በተቅማጥ እየረገፉ ሲያስቸግሩት ወተታቸው ተመጥኖ በሰዓቱ እንዲሰጣቸው አደረገ፤ ሞቱም ቀነሰ። ከጥጃ ወደ ሰው ልጅ ለመሻገር ብዙ አልቆየም።

ነገሩ ዛሬ ሲሰሙት ቅር ያሰኝ ይሆናል፤ የዘመኑን ችግር ያየ ግን አይፈርድበትም። በሞቃት ወራት የሚነሳው ተቅማጥ ጨቅላ ሕፃናትን ከቤት ቤት እየዞረ ይፈጅ ነበር። ምክንያቱ በአብዛኛው ወተት ነው። ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ከላሟ እስከ ጡጦው ባለው መንገድ ወተቱ ይበከላል፤ ጡጦውም በወጉ አይታጠብም። ስለዚህ ከሰዓቱ በፊት የኪንግ ትልቁ ትምህርት ጡት ይቅደም የሚል ነበር። ጡት ካልተገኘ ደግሞ የላም ወተቱ ከእናት ወተት ጋር እንዲቀራረብ ተመጥኖና ተቀቅሎ፣ ንጽሕናው ተጠብቆ ይሰጥ። ይህ ትምህርት ነፍስ ያዳነ ትምህርት ነው።

በ1906 ለሲክሊፍ ቅርብ በሆነችው በካሪታኔ መንደር፣ ሜሬ ሃርፐርና ሪያ ቲኪኒ የተባሉ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪ የተወለዱ ሁለት አዋላጆች ቶማስ ኤሊሰን የተባለ የታመመ ሕፃን ይዘው ወደ ኪንግ ቤት መጡ። ሁለቱም በአካባቢው በአዋላጅነትና በፈዋሽነት የታወቁና የተከበሩ ሴቶች ነበሩ። ሕፃኑ በዚያ ቤት ታክሞ ዳነ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ድርጅት የመጀመሪያ ልጁ አድርጎ የሚቆጥረው ይህንን የማኦሪ ልጅ ነው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ግን የመሥራችነቱ ክብር ለኪንግ ብቻ ተሰጥቶ ኖረ።

ድርጅቱ የተመሠረተው ግንቦት 14 ቀን 1907 በደኒደን ማዘጋጃ ቤት በተጠራ ስብሰባ ነው። የአገረ ገዢው ባለቤት፣ የስምንት ልጆች እናት የነበረችው ሌዲ ፕለንኬት፣ ደጋፊው ስለሆነች በስሟ የፕለንኬት ማኅበር ተባለ። ማኅበሩን ያንቀሳቀሱት ሴቶች ናቸው፤ ገንዘብ የሚያሰባስቡትም ቅርንጫፎቹን የሚመሩትም እነሱ ነበሩ። ነርሶቹ ሚዛንና ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ፤ ሕፃኑን ይመዝናሉ፣ ክብደቱን ይጽፋሉ፣ የእንቅልፉንና የጡቱን ሰዓት ይጠይቃሉ። የኪንግ ባለቤት ኢዛቤላ ደግሞ «ልጆቻችን» በሚል ርዕስ ለጋዜጣ ሳምንታዊ አምድ ትጽፍ ነበር። አምዱ በአገሪቱ በብዙ ጋዜጦች ስለሚታተም፣ ሐኪም በማይደርስበት እርሻ ያለች እናት እንኳ የሰዓቱን ደንብ ታውቀዋለች።

ኪንግ ለልጅ አስተዳደግ የሚያስፈልጉ 12 መሠረታዊ ነገሮችን ዘርዝሯል። አየርና ፀሐይ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ገላ መታጠብ፣ እንቅስቃሴ፣ ሙቀት፣ ጊዜ መጠበቅ፣ ንጽሕና፣ የእናት እንክብካቤ፣ ሥርዓት፣ ዕረፍትና እንቅልፍ። የእናት እንክብካቤ ከዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን ልብ ይሏል፤ ኪንግ ልጅ አይታቀፍ አላለም። እቅፉም ጨዋታውም ግን ሰዓት አለው። ሕፃኑ ከወላጆቹ አልጋ ተለይቶ በራሱ አልጋ ይተኛል። የክፍሉ መስኮት በክረምትም ክፍት ነው፤ ቀን ቀን ጋሪው ወደ በረንዳ ወጥቶ ነፋስ እየመታው ያንቀላፋል። ማባበያ የጎማ ጡት ክልክል ነው። መታቀፍና መወዝወዝ የእንቅልፍ መድኃኒት ሆኖ ከተለመደ ልጁ ይበላሻል ይባል ነበር። ልጇን በአንቀልባ አዝላ እሹሩሩ እያለች ወገቧን እያወዛወዘች እንጀራ ለምትጋግር እናት ይህ ደንብ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ሊመስላት ይችላል። ከኪንግ ቤት አጠገብ ይኖሩ ለነበሩት የማኦሪ እናቶችም እንግዳ ነገር ነበር። እነሱ ልጃቸውን በካባቸው ጠቅልለው በጀርባቸው የሚሸከሙ፣ በተንጠለጠለ የተታታ ዘንቢል የሚያወዛውዙ ነበሩ። ለሕፃኑ የሚዘምሩለት ኦሪኦሪም የአያት የቅድመ አያቱን ስምና ታሪክ የሚያስቆጥር ረጅም ዜማ ነው።

ደንቡ የጤና ብቻ አልነበረም፤ ከጀርባው ፖለቲካ አለ። የብሪታንያ ግዛት ጠንካራ ወታደርና ጤናማ እናት ያስፈልገው ነበር፤ የነጮች ቤተሰብ የልጅ ቁጥር እየቀነሰ መምጣቱም ያስጨንቅ ነበር። ኪንግ በሰዓት የተኛና በሰዓት የጠባ ልጅ ሲያድግ ራሱን የሚገዛ ዜጋ ይሆናል ብሎ ያምን ነበር። በዚሁ እምነት ልጃገረዶች ከፍተኛ ትምህርት መማራቸው ለእናትነት ያላቸውን አቅም ይጎዳል ሲል በአደባባይ ተከራክሯል። የሕፃናትን ሕይወት ለማትረፍ ያን ያህል የደከመ ሰው፣ የእነዚያኑ ሕፃናት እህቶች ከትምህርት ደጃፍ ለመመለስ መሟገቱ የታሪኩ ጥቁር ነጥብ ነው።

ኪንግ በሰዓቱ ደንብ ብቻውን አልነበረም። በኒው ዮርክ የሕፃናት ሐኪሙ ኤመት ሆልት በ1894 ባሳተመው የጥያቄና መልስ መጽሐፍ ልጅን ማወዝወዝ አላስፈላጊ ልማድ መሆኑን አስተምሯል። የሥነ ልቦና ሊቁ ጆን ዋትሰን ደግሞ በ1928 እናቶች ልጆቻቸውን እንዳይስሙና እንዳያቅፉ፣ ጠዋት እጅ ጨብጠው ሰላም እንዲሏቸው እስከ መምከር ደርሷል። ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር ኪንግ ለስለስ ያለ ነው ማለት ይቻላል። እርሱን ልዩ ያደረገው ምክሩን በወረቀት ላይ ትቶ አለመሄዱ ነው። በየቤቱ ደጃፍ የምታንኳኳ ነርስ ነበረችው።

ውጤቱስ? በ1907 ኒው ዚላንድ ውስጥ ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 88 ያህሉ የመጀመሪያ ልደታቸውን ሳያዩ ይሞቱ ነበር፤ ከ30 ዓመት በኋላ ቁጥሩ ወደ 32 ወረደ። ይህ ዝነኛ ቁጥር የማኦሪን ሕፃናት አይጨምርም። የእነሱ ሞት ከዚህ እጅግ የከፋ ነበር፤ ማኅበሩም በአብዛኛው የሚያገለግለው ነጮቹን ሆኖ የማኦሪ እናቶች ለመንግሥት ነርሶች ተትተው ነበር። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ ሞቱ መቀነስ የጀመረው ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት መሆኑን ያስታውሳሉ። ንጹሕ ውኃ፣ የፍሳሽ ማስወገጃ፣ የተሻለ ቤት፣ አነስ ያለ ቤተሰብ፣ ሁሉም ድርሻ ነበራቸው። በእኔ ግምት የነርሶቹ ድርሻ በንጽሕናና በጡት ማጥባት ትምህርት በኩል እንጂ በሌሊቱ ጾም በኩል አይደለም።

የሌሊቱ ጾም እንዲያውም ችግር ነበረው። ጡት ወተት የሚሠራው ሕፃኑ በጠባ መጠን ነው፤ አራት አራት ሰዓት እየቆየ፣ ሌሊቱን ደግሞ ስምንት ሰዓት ሳይነካ የሚቀር ጡት በአንዳንዷ እናት ቶሎ ይነጥፋል። እናቲቱም ጥፋቱ የእሷ መስሏት ወደ ጡጦ ትሄዳለች። ጡት ማጥባትን ከምንም በላይ የሰበከው ደንብ ራሱ የጡትን ተፈጥሮ ተጋፋው።

ሆኖም እናቶቹ ደንቡን ከአፍ እስከ ገደፉ ተቀብለውታል ማለት አይደለም። የታሪክ ምሁሯ ሊንዳ ብራይደር በ2003 ያሳተመችው የማኅበሩ ታሪክ፣ እናቶች ከነርሷ ምክር የሚበጃቸውን እየመረጡ ይወስዱ እንደነበር ያሳያል። የሚፈልጉት የሚያዋራቸው፣ ልጃቸውን የሚመዝንላቸው፣ ሲታመም ምን እንደሚያደርጉ የሚነግራቸው ሰው ነበር። የሰዓቱ ደንብ የዚያ ወዳጅነት ዋጋ ሆኖ ተከትሎ መጣ።

ኪንግ በ1938 ሲሞት መንግሥት የክብር ቀብር አደረገለት፤ በኒው ዚላንድ ይህ ክብር ባለሥልጣን ላልሆነ ሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ደንቡ ግን ብዙ አልቆየለትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የማኅበሩ ሐኪሞች ራሳቸው ያላሉት ጀመር። በ1946 የወጣው የአሜሪካዊው ሐኪም የቤንጃሚን ስፖክ መጽሐፍ እናት በራሷ ስሜት እንድትተማመን ነገራት፤ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በዌሊንግተን የተሰባሰቡ ወላጆች ሕፃን ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል እንዲሆንና ሲርበው እንዲጠባ በሆስፒታሎች ላይ ግፊት አደረጉ። እንዲህ ሲል ሰዓቱ ከግድግዳው ወረደ።

በዚያው ዘመን፣ ብዙም ሳይታወቅ፣ ከሰዓቱ እጅግ የከፋ አንድ ምክር ገባ። ሕፃናትን በሆድ ማስተኛት ነው። ይህ ከኪንግ የመጣ አይደለም። ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት በሆዳቸው ሲተኙ የተሻለ መተንፈሳቸው በሆስፒታሎች ታይቶ፣ ልምዱ ወደ ጤነኞቹም ተሻገረ። በጀርባው የተኛ ሕፃን ቢያስታውክ ይታነቃል የሚል ስጋት ተጨመረበት። እናት በራሷ ትተማመን ያለው ስፖክ ራሱ ከ1950ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በሚታተሙት መጻሕፍቱ በሆድ ማስተኛትን መከረ። በሆዱ የተኛ ሕፃን ረጋ ብሎ፣ ሳይደናገጥ ረጅም ሰዓት ይተኛል። ለደከመች እናት ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም።

ሕፃን በእንቅልፉ መሞቱ አዲስ ነገር አይደለም። የንጉሥ ሰሎሞን ፍርድ የሚጀምረው አንዲት እናት ሌሊት በልጇ ላይ ተኝታበት ሞቶ በመገኘቱ ነው፤ መጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 3 ላይ አለ። በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ሶራኖስ ዘኤፌሶን ሞግዚቷ ከጨቅላው ጋር እንዳትተኛ፣ አልጋውን ግን ከአልጋዋ አጠገብ እንድታደርገው መክሯል። ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚፈራው ሰው በልጅ ላይ መጫኑን ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኒው ዚላንድ የታየው ግን ሌላ ነው። ጤነኛ የነበረ ሕፃን ማንም ሳይጫነው ለብቻው በተኛበት አልጋ ሞቶ ይገኛል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ1000 ሕያው ልደት አራት ያህሉ እንዲህ ይሞቱ ነበር፤ በዓመት ከ200 በላይ ሕፃናት ማለት ነው። ከበለጸጉት አገሮች ሁሉ ይህን ያህል የሚሞትበት አልነበረም። ሕፃናትን ለማሳደግ ደንብ በማውጣት ዓለምን ያስተማረች አገር በዚህ ግራ ገባት። ፖሊስ ይመጣል፣ አስከሬን ይመረመራል፣ ምንም አይገኝም። ወላጆች ራሳቸውን፣ ጎረቤትም ወላጆቹን ይጠረጥራል። የኦክላንዷ የሕፃናት ሐኪም ሸርሊ ቶንኪን ከሌላው ቀድማ ቤተሰቦቹን በማነጋገርና የሕፃናቱን አተነፋፈስ በማጥናት ብዙ ደክማለች።

መልሱ የተገኘው እናቶችን በመጠየቅ ነው። ኤድ ሚቸል የመሩትና ከደኒደን ባሪ ቴይለርን የመሳሰሉ ሐኪሞች የተሳተፉበት ጥናት ከ1987 እስከ 1990 ለሦስት ዓመት ተካሄደ። ልጃቸው የሞተባቸው ቤተሰቦችና ልጃቸው በሕይወት ያለ ቤተሰቦች ተመሳሳይ ጥያቄ ቀረበላቸው። ልጁ በምን ጎኑ ተኛ? ማን አስተኛው? ምን ለብሶ ነበር? ጡት ይጠባ ነበር? በቤቱ ሲጋራ የሚያጨስ አለ? 485 የሞቱ ሕፃናት ከ1800 ሌሎች ሕፃናት ጋር ተነጻጸሩ። ልጁን በቀበረ ማግስት የቤቱን ጓዳ ለጠያቂ መክፈት ቅስም የሚሰብር ነገር ነው። እነዚያ ወላጆች ግን ከፈቱ፤ ከእነሱ በኋላ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ባለ ዕዳቸው ነው።

ከመጀመሪያው ዓመት መልሶች ሦስት ነገሮች ጎልተው ወጡ። በሆድ መተኛት፣ የእናት ማጨስና ጡት አለመጥባት። በሆዱ የተኛ ሕፃን ፊቱ ፍራሹ ውስጥ ሲቀበር የተነፈሰውን አየር መልሶ ይስበዋል፤ ሰውነቱም ከመጠን በላይ ይሞቃል። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ፣ እናቱን ደስ ካሰኘው ከዚያ ጥልቅ እንቅልፍ አየር ሲያጥረው በቀላሉ አይነቃም። ሲጋራም በማሕፀን ሳለ ጀምሮ ይህንኑ የመንቃት ችሎታ ይጎዳል።

በ1991 ኒው ዚላንድ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ላይ ብሔራዊ ዘመቻ ጀመረች። የፕለንኬት ነርሶች በዚያው አያቶቻቸው የሰዓቱን ደንብ ባዳረሱበት መንገድ አዲሱን ምክር ቤት ለቤት አዳረሱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሞቱ በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ኔዘርላንድ ቀደም ብላ በ1987 ጀምራለች፤ ብሪታንያ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 ተከተሉ። ዛሬ በሚኒያፖሊስ ወይም በዋሽንግተን ሆስፒታል የወለደች ኢትዮጵያዊት እናት ልጇን ይዛ ከመውጣቷ በፊት በጀርባው፣ በራሱ አልጋ፣ ያለ ትራስና ያለ ወፍራም ብርድ ልብስ አስተኚው ትባላለች። «ልጄ ብቻውን?» ብላ የምትደነግጥ ብዙ ናት። ምክሩ የመጣው ግን እነዚያ የኒው ዚላንድ፣ የብሪታንያና የኔዘርላንድ ቤተሰቦች ከመለሷቸው ጥያቄዎች ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ2005 አንድ የሚያስቆጭ ጥናት ወጣ። ሩት ጊልበርትና ባልደረቦቿ ለአሥርት ዓመታት የታተሙትን ጥናቶች ሰብስበው መረመሩና፣ ማስረጃው በወቅቱ ተሰብስቦ ቢታይ ኖሮ በሆድ ማስተኛት አደገኛ መሆኑ እስከ 1970 ይታወቅ ነበር ሲሉ ደመደሙ። በግምታቸው በአውሮፓ፣ በአሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ ቢያንስ 50,000 ሕፃናት ይተርፉ ነበር። መካሪዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አብዛኞቹ ለልጆች የሚሳሱ ነበሩ። የጎደላቸው ምክራቸው በየቤቱ ምን እያደረገ እንደሆነ መቁጠር ነው።

የኪንግ ሰዓትስ ምን ሆነ? እዚያው ደኒደን ውስጥ በተለየ መልክ ተመልሷል። ባሪ ቴይለርና ባልደረቦቹ ከ2009 ጀምሮ ወደ 800 የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮችን በዕጣ በአራት ቡድን ከፍለው፣ ለከፊሎቹ ልጁ ሳይወለድ ስለ ሕፃን እንቅልፍ አስተማሩ። ትምህርቱ ቀላል ነበር። ሕፃን ሲደክመው የሚያሳየውን ምልክት ማወቅ፤ ዐይኑን ማሸት፣ ማዛጋት፣ መነጫነጭ። ከዚያ ጨርሶ ሳይተኛ፣ እንቅልፍ እየመጣበት ሳለ አልጋው ላይ ማኖርና ራሱ እንዲያንቀላፋ ዕድል መስጠት። ሌሊት ጡት የሚከለክል የለም። የእንቅልፍ ትምህርት ባገኙት ቤተሰቦች ውስጥ ያደጉት ልጆች በሁለት ዓመታቸው ከመጠን በላይ የመወፈር ዕድላቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ፤ አምስት ዓመት ሲሞላቸውም ልዩነቱ ነበር። የኪንግ ነርስ ወደ ግድግዳው ሰዓት ታመለክት ነበር፤ በዚህኛው ትምህርት የሚታየው የልጁ ፊት ነው።

የ1991ዱ ዘመቻ ያልደረሰለት ወገን ግን ነበር። የማኦሪ ሕፃናት ሞት የሌላውን ያህል አልቀነሰም፤ ከዓመታት በኋላም ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የእነ ሚቸል ጥናት ራሱ ከወላጅ ጋር በአንድ አልጋ መተኛት አደገኛ የሚሆነው በተለይ እናቲቱ የምታጨስ ስትሆን መሆኑን አሳይቷል፤ ከማኦሪ እናቶች የሚያጨሱት ብዙ ነበሩ። ከጤና ባለሥልጣናት የሚመጣው መልእክት ግን «ከልጅሽ ጋር አትተኚ» የሚል ነበር። ለማኦሪ ቤተሰብ ይህ በ1907ቱ ቋንቋ የተነገረ ሌላ ትእዛዝ ነው። ልጅ ከሰው ተለይቶ መተኛቱ በእነሱ ዘንድ ጭካኔ ነው፤ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

የማኦሪው ሐኪም ዴቪድ ቲፔኔ ሊች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከባልደረቦቹ ጋር ለዚህ መፍትሔ ሲፈልግ ቆየ። በ2005 ገደማ ከሸማኔ ሴቶች ጋር ተመካክሮ ዋሃኩራ የተባለውን የሕፃን ዘንቢል ይዞ ብቅ አለ። ዘንቢሉ የሚሠራው ሃራኬኬ ከሚባል፣ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ ረጅምና ጠንካራ ቃጫ ካለው ተክል ነው። ቆራጩ የተክሉን ሥርዓት ይጠብቃል። ከመሀል የሚበቅለው ለጋ ቅጠል ልጅ ነው፣ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለቱ ወላጆቹ ናቸው፤ ሦስቱ አይነኩም፣ የሚቆረጠው ከእነሱ ውጭ ያለው ብቻ ነው። ቅጠሉ በቁመቱ ይሰነጠቃል፣ ይለዝባል፣ ከዚያ ጠርዙ ከፍ ያለ፣ መሬቱ ጠፍጣፋ ዘንቢል ሆኖ ይታታል። ስስ ፍራሽ ይገባበትና በወላጆቹ አልጋ ላይ፣ በመካከላቸው ወይም ከእናቱ ጎን ይቀመጣል። ሕፃኑ እናቱን ይሰማታል፣ ያሸታታል፣ እጇን ዘርግታ ትዳብሰዋለች፤ ብርድ ልብሷና ትራሷ ግን አይደርስበትም።

በ2011 የክራይስትቸርች ከተማ በርዕደ መሬት ስትናወጥና ቤተሰቦች በተጨናነቁ መጠለያዎች ሲያድሩ፣ ስቴፋኒ ካዋን ከፕላስቲክ የተሠራ ርካሽ አቻ አዘጋጅታ ለሕፃናት አደለች። ቅርጹ ውበት የለውም፤ ሥራውን ግን ይሠራል። ሁለቱም በየአካባቢው ሲሠራጩ፣ ከ2009 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከመጀመሪያው ሳምንት አልፈው አንድ ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት መጠን በ29 በመቶ ቀነሰ።

ዘንቢሉ ራሱም ተፈትኗል። ሳሊ ባዶክ፣ ቲፔኔ ሊችና ባሪ ቴይለር ያሉበት ቡድን፣ በአብዛኛው ማኦሪ የሆኑ 200 እናቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለግማሾቹ ዋሃኩራ፣ ለግማሾቹ የተለመደውን የሕፃን አልጋ ሰጠ። ሌሊቱን በካሜራ እየቀረጹ ተከታተሏቸው። በ2017 የታተመው ውጤት በዋሃኩራ የተኙት ሕፃናት ከሌሎቹ የበለጠ አደጋ ውስጥ እንዳልነበሩ አሳየ። ከዚህም በላይ ስድስት ወር ሲሞላቸው ጡት ብቻ የሚጠቡት በዋሃኩራው ቡድን በእጥፍ ይበልጡ ነበር፤ 22.5 በመቶ ከ10.7 በመቶ ጋር። ሌሊት ጡት ከልጅ ሲቀራረብ የሆነው ይህ ነው፤ ኪንግ ሊደርስበት የፈለገውን የጡት ዘመን፣ እርሱ የከለከለው መቀራረብ አስገኘው።

በዚያው ዓመት መንግሥት ዘንቢሎቹን በብሔራዊ የሕፃናት አስተኛኘት ፕሮግራሙ ውስጥ አስገባቸው። በየአካባቢው ነፍሰ ጡሮች ከባልቴቶች ጋር ተቀምጠው የልጃቸውን ዋሃኩራ በራሳቸው እጅ ያትታሉ። ሥራው ረጅም ሰዓት ስለሚወስድ ወሬው ሰፊ ነው። ስለ ሲጋራ የሚነሳው፣ ሕፃን በጀርባው ፊቱ ሳይሸፈን መተኛት እንዳለበት የሚነገረው፣ ባል የሌሊቱን ተራ እንዴት እንደሚካፈል የሚጠየቀውም በዚያው ቅጠል እየተሰነጠቀ ነው።